ሰርቨሩን ማን ይመልሰው?

ወደ ለሚ ኩራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈ ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለህም?»

«የጻፍኩት ፕሮግራም እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ሰርቨሩ፣ የቢሮው ዋና ኮምፒውተር ላይ ግን እምቢ አለ። ደንበኛው ደግሞ ዛሬ ሊያየው ይመጣል።»

«ለምን እምቢ አለ?»

«ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ የፓይተኑ ቨርዥን እኔ ጋ አዲሱ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ አሮጌው። ትናንት የኔን ወደ አሮጌው አወረድኩትና ፕሮግራሙን በዚያ አስተካከልኩ።»

«አለቀ በለኛ!»

«የት አልቆ! አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ ለኔ ብላ ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ቀይራዋለች።»

«እንዴ! ሳትነጋገሩ?»

«እሷን ላለማስቸገር ብዬ ዝም አልኩ። እሷም እኔን ላለማስቸገር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወደ አዲሱ ተመለስኩ ብዬ ስደውልላት፣ ሰርቨሩን ወደ አሮጌው መልሼልሃለሁ አለችኝ።»

«ግራ የገባ ነገር! ወራጅ አለ!»

ታክሲው ቆመ።

«እኔም እዚሁ ነኝ፤ ይቅደሙ እማማ።»

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም፣ ሥራ አለብህ።»

«በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ከኋላቸው ጎንበስ ብዬ እንደቆምኩ፣ እኔም ወራጅ ነኝ ለማለት አፈርኩ።