ሕዋሱ የት ነው?

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ወደ አርሲ ነገሌ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ! «ቁስል እንዴት እንደሚድን ታውቂያለሽ?» ብዬ ጀመርኩ። «ለሕዋሱ ‹እደግ› የሚል መልእክት ከውጭ ይመጣለታል። ከዚያ አር ኤን ኤ የሚባል መልእክተኛ ከማዕከሉ ትእዛዝ ይዞ ይወጣል፤ ሕዋሱም ይባዛል!» ልጅቷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ቡልቡላ ለፍተሻ ስንቆም ከኋላችን የተቀመጠው ካኪ ለባሽ ካድሬ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ጓድ፣ ውረድ እስቲ። ሕዋሱ የት ነው?» ያኔ ሕዋስ ማለት መንግሥት ቤት ለቤት የሚያድነው የአናርኪስቶች ስውር ቡድን እንደሆነ ትዝ ያለኝ ገና ይሄን ጊዜ ነው። «ኧረ እኔ አስተማሪ ነኝ! ሕዋስ ሁላችንም ውስጥ አለ... እርስዎም ውስጥ!» ብዬው እርፍ። የፍተሻው ታጣቂዎች ጠጋ አሉ። «መልእክተኛውስ?» አለ ካድሬው። ምን ላድርግ? ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ ከሀ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። ኒውክሊየስ ላይ ስደርስ አንዱ ታጣቂ አዛጋ። ፕሮቲን ላይ ስደርስ ሌላውም ተከተለው። ካድሬው ራሱ አፉን በመዳፉ ከድኖ ሲያዛጋ ቆየና «በቃ! በቃ!» አለ። «አናርኪስት ቢሆን እንዲህ አያሰለችም ነበር። እውነትም አስተማሪ ነው፤ ልቀቁት።»