ዝም ያልኩበት ሽምግልና

እኔ አባ ሙሄ ለሽምግልና ተቀምጬ ማውራት ስጀምር፣ የሰፈራችን የዴም ባለሦስት እግር ረክሻዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ያዳምጡኛል። ታዲያ አንድ ቀን እዚሁ ከተማ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች በስልኳ ሶሻል ወርክ የምትማረው የእህቴ ልጅ ከድጃ መጣችና፣ «አጎቴ፣ የመስክ ልምምድ ካልሠራሁ አያሳልፉኝም። የጎረቤትህን የሰኢድንና የሚስቱን ጠብ ዛሬ እኔ ልያዘው። አንተ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! መፍትሔውን ራሳቸው ያምጡ ነው የሚለው ትምህርቱ» አለችኝ። ወላሂ፣ ሰሃራን በእግሬ ብሻገር ይቀለኝ ነበር!

ባልና ሚስቱ ሊፋቱ ቆርጠው መጡ። ከድጃ፣ «ምን እየተሰማችሁ ነው?» ስትላቸው፣ እሷን ትተው እኔን ያያሉ። እኔ ምላሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፤ ያፈንኩት ምክር ሆዴን እንደ ከበሮ ነፍቶታል። ድንገት ሚስቲቱ ደረቷን መታች።

«ሰኢድ፣ አባ ሙሄ እኮ ዝም አሉ!»

«እሳቸው የሚሉት ካጡማ፣ አልቆልናል ማለት ነው» አለ፣ ላብ አጥምቆት።

«ያላ፣ በል ተነስ፣ ሳይብስብን ይቅር እንባባልና ቤታችን እንግባ!»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ከድጃም ልምምዷን አለፈች። እኔ ግን ጉድ ሆንኩ፤ አሁን በዴም የተጣላ ሁሉ ደጄን እያንኳኳ፣ «አባ ሙሄ፣ እባክዎ መጥተው ዝም ይበሉልን» ይለኛል።