የዳኘው ብርሌና የፈላ ውኃ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው ሚኒባስ ኮሶዬ ላይ አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ንፋሱን ስታማርር፣ «ይቺማ ምን አላት! እዚህ ገደል ላይ ያስነጠሰ ሰው ‹ይማርህ› የሚባለው ከደባርቅ ነው» አልኳት። ሳቀች። ኔታ ትባላለች፤ ያደገችው እስራኤል፣ ሥራዋም መስታወት መለካት ነው።

«ቁመቱን?» አልኳት። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ለሳይንስ ቅርብ ነኝ።

«ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚረዝም።»

ከእኔ የባሰ ዋሾ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። የምትፈልገው የአያቷን የዳኘውን ጓደኛ፣ አባ ገሠሠን ነበር። ዳባት ላይ ጎረቤቴ ናቸው፤ እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ሽማግሌው አንገቷን ደጋግመው ሳሙ። ከዚያ ከሣጥን በጥጥ የተጠቀለለች ብርሌ አወጡ። «የቤተ እስራኤሎች ሃይማኖት ከእኛ ከክርስቲያኖች ዕቃ አያስጠጣቸውም ነበር፤ ይቺ የዳኘው ብቻ ናት። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲሄድ እዚሁ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የማንም ከንፈር አልነካትም።»

«አሁን ከአልጋ አይነሳም። ይቺን አምጪልኝ ብሎ ነው የላከኝ» አለች ኔታ።

«እንግዲያው ነጽታ ትሂድ» ብለው የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ አነሡ።

«አባባ፣ እባክዎ የፈላ አይጨምሩባት! ትፈነዳለች!»

«ልጄ፣ ንጽሕናን የተማርኩት ከአያትሽ ነው። ያልነጻ ዕቃ ብልክለት ምን ይለኛል?»

«ውስጧ ቶሎ ሞቆ ይሰፋል፣ ውጭዋ ገና ቀዝቃዛ ነው። አንዱ ሲገፋ አንዱ አልሰፋም ሲል ትሰበራለች።»

«መስታወት ሲሰፋ በዓይንሽ አይተሻል?»

«በመሣሪያ እንለካዋለን። ከጸጉር ያነሰ ነው፤ ለመስበር ግን ይበቃል። ግማሽ አካሉን እንደ ሸክላ ወዳለ ሴራሚክ የለወጥነው መስታወት አለ፤ እሱ የመስፋት ነገር አያውቅም ማለት ይቻላል፣ ከእሳት አውጥተው በረዶ ውስጥ ቢከቱት ግድ የለውም። ይቺ ግን እንደሱ አይደለችም።»

«እኔን ልታታልይ ነው? ሙሌ ነው ያስጠናሽ!» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

እኔ በዚህ ንጹሕ ነበርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ማን ያምነኛል?

ኔታ የስልኳን ፊት ነጭ አድርጋ አበራች። የፀሐይ መነጽሯን ከፊቱ ይዛ ቀስ ብላ ስታዞረው ብርሃኑ ጠፋ። ብርሌዋን በስልኩና በመነጽሩ መካከል ስታስገባ ሁሉም ጨልሞ ሳለ አንገቷ ሥር ብቻ ቦግ አለ።

«ሲሠሯት እዚህ ጋ ቶሎ ቀዝቅዛለች። ስንጥቅ የለባትም፤ ያኔ የተወጠረችበት ጭንቀት ግን ውስጧ ቀርቷል፤ የሚያበራው እሱ ነው።»

አባ ገሠሠ ዝቅ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ይዛው ኖራለች?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እስቲ እኔንም በመነጽሩ እዪኝ» አልኩ።

«አንተማ ሳትታይም ታበራለህ» አሉና ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «በይ፣ እንዳልሽ አድርጊ።»

ድስት ውስጥ ጨርቅ አነጠፈች፤ ብርሌዋን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልታ አጋደመቻት፤ ድስቱንም ሞላች፤ እሳቱን አሳንሳ ከውኃው ጋር አብራ አፈላቻት። ከዚያ እዚያው እስክትበርድ ተቀመጥን።

«ዳኘው እዚህ ሲጫወት አምሽቶ ሄደ» አሉ ሽማግሌው፣ ድስቱን እያዩ። «ጧት ቤቱ ባዶ ነበር። ደህና ሁን እንኳ አላለኝም። ቢናገር ይያዝ እንደነበር ይገባኛል። ገባኝ ማለት ግን ቀለለኝ ማለት ነው?»

ብርሌዋ ደህና ወጣች፤ ኔታም ይዛት ሄደች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሰባኪ ሆኛለሁ። ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር፣ «በብርድ ያደረ ብርጭቆ ውስጥ የፈላ አትቅዱ፤ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አሙቁት። ዕቃችሁ ይቆያል፣ እጃችሁ አይቃጠልም፣ ስባሪ የሕፃን እግር አይወጋም» እላለሁ። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፤ ዞር ስል ግን ያደርጉታል።

አንድ ቀን ኔታ በቪዲዮ ደወለችልኝ፤ ስልኩን ለአባ ገሠሠ ሰጠኋቸው። ዳኘው አልጋው ላይ ተደግፈው ብርሌዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አልጠጡባትም፤ አፍንጫቸው ላይ ለጥፈዋታል።

«ገሠሠ!» አሉ በደከመ ድምፅ። «ምነው እንዲህ አጠብካት? የቤትህን ጭስ ላሽትትባት ብዬ ነበር እኮ ያስመጣኋት።»

አባ ገሠሠ ሳቁ፤ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

«ጭሱማ እዚሁ አለልህ» አሉ። «መጥተህ አሽትት።»