"ዘር" ሲባል ተነሥተው የወጡት ሐጂ

ሐጂ አብዱልመሊክ ፒያሳ ጫማ ሲሸጡ ያረጁ፣ ሰው ፊት መዋረድን ከሞት አብልጠው የሚፈሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጃቸውን የየሲንን ልጅ ሀኒፋንም የሚጥል በሽታ ስላለባት ጓዳ ሸሽገዋት ነበር። አንድ ከሰዓት ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ከኋላቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሁዳ ተሰለፈች። ሁዳ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልን አፈጣጠር ታጠናለች።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! ሀኒፋ እንዴት ናት? መውደቁ ተሻላት?"

ሰልፈኛው ዞሮ አያቸው።

"ቀስ በይ ልጄ! ገበናችንን አደባባይ አታውጪው።"

"መታመም ምኑ ገበና ነው?"

"ሐኪሙ 'አንጎሏ ሲፈጠር የተዛባ ነገር አለ፤ የዘረ-መል ችግር ነው' አለና! የእኛ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር የሚወድቅ የለበትም። ያመጣችብን እናቷ መይሙና ናት። የሲንን 'ፍታት' ብዬ አስፈታሁት።"

አዩልኝ እንግዲህ! የልጅቱን በሽታ ለመደበቅ ያንሾካሾኩት ሽማግሌ፣ የምራታቸውን ስም ለማጥፋት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"በሽታው ከማን እንደመጣ ሐኪሙን ጠየቃችሁት?"

"ምኑን እንጠይቀዋለን? ዘር ሲለን ተነሥተን ወጣን።"

"ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! እሱ ያለው ዘር እርስዎ የሚቆጥሩት ዘር አይደለም፣ ሐጂ። ዘረ-መል በየሕዋሳችን ውስጥ ያለ ትእዛዝ ነው። ሁሉም ባንዴ አይነበብም፤ የቱ መቼ እንደሚነበብ፣ የቱ ዝም እንደሚል ቁጥጥር አለው። ፅንስ ማሕፀን ውስጥ ሳለ የአንጎል ሕዋሳት ከውስጥ ተፈጥረው ወደ ላይኛው ንጣፍ ይጓዛሉ።"

"በእግራቸው?" አሉ ሐጂ እያፌዙ።

"በታክሲ ነው ብለው ይያዙት። 'አሁን ተሳፈር፣ እዚህ ጋ ወራጅ አለ በል' የሚላቸው ትእዛዙ ነው። ሲወርዱም ሌላ ትእዛዝ ተነብቦ ይበስላሉ፤ ቅርንጫፍ አውጥተው ከጎረቤት ይያያዛሉ። ትእዛዙ ከተዛባ ግን ፒያሳ መውረድ ያለበት አፍንጮ በር ላይ ይቀራል። እንዲህ መንገድ ላይ የቀሩ ሕዋሳት ልጅን ሊጥሉ ይችላሉ። ስሕተቱም ብዙ ጊዜ ከማንም ሳይወረስ፣ ፅንሱ ላይ እንደ አዲስ የሚመጣ ነው።"

"ከእናቷ ቢሆንስ?"

"ቢሆንስ፣ መርጣ ሰጠቻት? እርስዎስ ይህን አፍንጫ ለየሲን መርጠው ነው የሰጡት?"

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሐጂ ግን አልሳቁም።

"መድኃኒቷን እየወሰደች ነው?" አለች ሁዳ።

"ቀድሞ የታዘዘላትን ያፈዛታል ብዬ… አስቆምኩት።"

"ክኒኑ ሕዋሳቱን ቦታቸው አይመልስም፤ መውደቋን ግን ሊቀንስላት ይችላል። በድንገት ማቆም አደጋ አለው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።"

ሐጂ አፈሩ። አሁን ያሳፈራቸው ሰልፈኛው አልነበረም። መይሙና ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ "ዘራችንን አበላሸሽው!" ብለው ከኋላዋ መጮኻቸው ትዝ አላቸው፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ወጉ ሽማግሌ መላክ ነበር። እሳቸው ግን ሰልፉን ጥለው ራሳቸው የመይሙና ወላጆች ቤት ሄዱ። መይሙና በሩን ከፈተች።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ። አፉ በይኝ።"

"ሀኒፋ ክኒኗን ዋጠች?" አለቻቸው።

"አስቁሜባታለሁ፤ ነይ ሐኪም ዘንድ አብረን እንውሰዳት" አሉ ሐጂ።

ያን ዕለት ልጅቱን ሐኪም ዘንድ የወሰዷት አብረው ነው። ዛሬ ሀኒፋ በሕክምና ላይ ናት፤ መውደቋ ቀንሷል፤ ከጓዳ ወጥታ ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ትሞቃለች። እናቷ በየቀኑ ትመጣለች፤ ወደ የሲን ግን አልተመለሰችም። ሐጂም ደንበኛ በገባ ቁጥር አሁንም በኀፍረት ፊታቸው ይቀላል። ቢሆንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም፣ "በሽታ ነው፤ እየታከመች ነው። በእናቷ ላይ ያወራሁት ውሸት ነበር" ይላሉ።