እናቱን ሊመልስ የሄደው መምህር

መምህር ብሪማ በሴራሊዮን በቦ ከተማ ገበያ ቃሪያ ሲመርጥ፣ አንዲት የደረቀ ዓሣ ነጋዴ ድንገት ክንዱን ያዘችው። የትውልድ መንደሩ ሰው ነበረች።

«አንተ የማማ ባይንዱ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፤ ምነው፣ ደህና?»

«እናትህ ማኖ ወንዝን ተሻግራ ላይቤሪያ ውስጥ የሰው ጭቃ ትረግጣለች። በስድሳ ሦስት ዓመቷ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት። የሚጦራት ልጅ የላትም እንዴ?»

ብሪማ ቃሪያውን ትቶ ሄደ። እናቱ ዘመድ ልትጠይቅ እንደሄደች ነበር የሚያውቀው። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተዘግቶ ስለነበር በማግስቱ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎም በጀልባ ተጉዞ ነጋዴዋ የነገረችው፣ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረሰ።

እናቱን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ አገኛት። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ከአራት ሴቶች ጋር እየዘፈነች ትረግጣለች። ስታየው አልደነገጠችም።

«ብሪማ! በል ጫማህን አውልቅና ግባ።»

«እማዬ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ። ጀልባው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።»

«ይመለስ! ማን ያዘው?»

«ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? አስተማሪ ሆኖ እናቱን አያበላም እያሉኝ ነው!»

«አብልተኸኛል፤ ጠግቤ ነው የመጣሁት። የተራበ ሰው የሰው አገር ሄዶ በነጻ የዓሣ ማድረቂያ ምድጃ ይሠራል?»

ሴቶቹ ሳቁ። የብሪማ ጆሮ ጋለ።

«በጎ ፈቃደኛ የሚባለው የተማረ ሰው ነው፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ። አንቺ ምን የምስክር ወረቀት አለሽ?»

ማማ ባይንዱ ከጭቃው ወጣች። አጠገቡ ደርሳ የዓይኗን የታችኛውን ሽፋን በጣቷ ገለጠችለት።

«ይኸው ወረቀቴ። አርባ ዓመት ዓሣ ሳደርቅ ጭሱ የጻፈበት ነው። እኛ መንደር በር ያለው፣ ጭሱን በኋላው የሚያስወጣ ምድጃ ከሠራን ወዲህ ዓይኔ ማንባት አቆመ። የእነዚህ ግን ዛሬም ያነባል። የማውቀውን ታቅፌ ቤቴ ልቀመጥ? አልቀመጥም!»

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ፣ መልስ ሲያጣ ዝም ማለት አለመቻሉ ነው። ብሪማም «እንግዲያው ሌላ ሰው ይሥራላቸው» አለ።

ይህን ጊዜ የመንደሩ ዓሣ አድራቂዎች አለቃ ሲያታ እጇን እየጠረገች ቀረበች።

«መምህር፣ ሌላ ሰውማ መጥቶ ነበር። ካቻምና ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች በሲሚንቶ ሠሩልን። ደግ ልጆች ነበሩ፤ አብረውን ፎቶ ተነሥተው፣ አቅፈውን ሄዱ። ምድጃው በወሩ ተሰነጠቀ። ለምን ብለን የምንጠይቀው ሰው ግን አልነበረም።»

«የእናቴስ አልተሰነጠቀም?»

«የእሷ የመጀመሪያውማ ጭራሽ ተደረመሰ!» አለች ሲያታ እየሳቀች። «አሥራ ሁለት ቅርጫት ዓሣ እንደያዘ! ያልሰደባት የለም። እኔም ‹አሮጊት፣ ዓሣችንን ልትፈጂ ነው የመጣሽው?› ብያታለሁ።»

ብሪማ ወደ እናቱ ዞረ። «አለቀስሽ?»

«አለቀስኩ እንጂ። ልብሴንም ሸከፍኩ። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ሄጄ ሲያታ ደጃፍ ተቀመጥኩና ‹የአገርሽ አፈር ምን ሆኖ ነው?› አልኳት።»

«አሸዋ ይበዛዋል» አለች ሲያታ። «የኩይሳ አፈር ካልቀላቀሉበት አይይዝም። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም። የጠየቀችን የመጀመሪያዋ ሰው ግን እሷ ናት።»

«አየህ፣» አለች ማማ ባይንዱ፣ «ላስተምር መጥቼ ተማርኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ቋንቋቸውን እየሰባበርኩ አወራለሁ፤ ይስቁብኛል፤ እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ተቀምጬ ሞቴን ስጠብቅ ይህ ሁሉ ሳቅ የት ነበር?»

«ቃል የገባችልን ሰባት ምድጃ ነው፤ የቆመው አራት ነው» አለች ሲያታ። «አንተ ተማሪዎችህን ፊደል እስከ ግማሹ አስተምረህ ትተዋቸዋለህ?»

ብሪማ የራሱን የመማሪያ ክፍል አሰበ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያስተምር አንድ ቀን እንኳ ለተማሪ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም፤ ያላወቀውን የጠየቀውን ልጅ ተቆጥቶ ያስቀምጠው ነበር። ያልተማረች እናቱ ግን በሰው አገር፣ በተበላሸ ዓሣ ፊት፣ አላወቅኩም ብላ ጠይቃለች። አፈረ፤ ከገበያ ይዞት የመጣው ዓይነት እፍረት ግን አልነበረም።

ሲያታ ወደ አንዱ ምድጃ ወሰደችው። በሩን ስትከፍት ፊቱን ሊያዞር ቃጣው፤ ጭሱ ግን በኋላ በኩል ወጣ። ዓሣው ሳያር ወርቅ መስሎ ተደርድሯል።

«እንጨቱ በግማሽ ቀንሷል» አለችው። «በውኃው ዳር ያለውን የማንግሮቭ ዛፍ ቆርጠን አንጨርሰውም። ሳሉም ለቆናል። ልጄን አዝዬ አጠገቡ እቆማለሁ። ከሁሉም ደግሞ፣ ነገ ቢሰነጠቅ ማንንም ሳንጠብቅ እንጠግነዋለን።»

ጀልባ ቀዛፊው ከወንዙ ዳር ተጣራ። «መምህር፣ አትሄድም?»

«ሂድ! አልሄድም!» አለ ብሪማ፣ ጫማውን እያወለቀ።

«ሱሪህንም ጠቅልል» አለች እናቱ። «ደግሞ ቀስ ብለህ ርገጥ፤ ብትወድቅ አላነሣህም።»

ሁለት ጊዜ ወደቀ። በአሥረኛው ቀን ግን ሰባተኛው ምድጃ ቆመ። ያን ዕለት ማማ ባይንዱ ልጇን የካሳቫ ቅጠል ወጥ በሩዝ አብልታ ስታበቃ፣ ወረቀት እንዲያወጣ አዘዘችው። በባሕሩ ዳር ያለው ቀጣዩ መንደር «ለእኛም ሥሪልን» ብሎ ልኮባት ነበር። እሷ ትናገራለች፣ ሲያታ ታርማለች፣ ብሪማ ይጽፋል፦ ስንት እጅ አፈር፣ ስንት እጅ የኩይሳ አፈር፣ የሩዝ ገለባው መጠን፣ የሚደርቅበት ቀን።

«አሁን ደግሞ፣» አለች፣ «ምድጃው ከፈረሰ የሠራው ሰው እንዳይሸሽ፤ ቁጭ ብሎ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፣ በል።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ የምድጃ አሠራር አይደለም።»

«ጻፍ!» አለችው።

ጻፈ።