የተቆለፈው የሚዛን ቤት ካርድ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ፣ የፋብሪካው ጸሐፊ፣ ነኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ የሚዛን ቤቱን ኮምፒውተር «ሆን ብላ ስላበላሸች» ከሥራ ትሰናበት የሚል ነው፤ ሚዛን ሹሙ ቃል በቃል አስጽፈውኛል። ሥራ አስኪያጁን ላስፈርም ይዤው ስሄድ የፋብሪካው በር ላይ ከሚዛን ሹሙ የእህት ልጅ ጋር ተገጣጠምን። የኮምፒውተር ትምህርቷን ባለፈው ዓመት የጨረሰች ልጅ ናት።

«አጎቴ ጠርተውኝ ነው» አለችኝ። «ኮምፒውተሩን የነካውን ሰው አሻራ አውጪልኝ አሉኝ።»

«ታወጪያለሽ?»

«እኔ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው እንጂ ፖሊስነት አይደለም።»

ደብዳቤውን አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እባክዎ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ያቆዩልኝ» አለች። አብሬያት ተመለስኩ።

ከሚዛን ቤቱ መስኮት ውጭ እህል የጫኑ መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። የሚዛኑ ማሳያ ላይ የክብደቱ ቁጥር ይበራል፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርስ ነገር የለም። ሚዛን ሹሙ ሠላሳ ዓመት በዚህ ክፍል ስለኖሩ ሰውንም እንደ ጆንያ ነው የሚያዩት፤ ሳይመዝኑ አያምኑም።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሴትዮዋ ናት። ከትናንት ወዲያ ከሥራ ስወጣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስትወለውል አይቻታለሁ። ሰው ልኳት ነው።»

«ማን?»

«እሱን አንቺ ድረሽበት።»

«አጎቴ፣ ማን አበላሸው ከማለታችን በፊት ምን እንደተበላሸ ብናይስ?»

ከማሳያው ጀርባ ጀምራ ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። ገመዱ የሚሰካበትን የሲሪያል ፖርት ብሎኖች አጠበቀች፤ የሶኬቱን ጥርሶች በባትሪ አየች፤ አንዱም አልታጠፈም። መስመሩን ሌላ ፕሮግራም አለመያዙንም አረጋገጠች። ከዚያ በኮምፒውተሩ ውስጥ የመሣሪያዎችን ዝርዝር ከፈተች።

«ይኸው። ሚዛኑ የሚገባው ኮም አምስት በሚባለው መስመር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጠብቀው ግን ኮም ሦስት ላይ ነው። እንግዳው በጓሮ ገብቶ እርስዎ ደጅ ቆመው እንደሚጠብቁት ነው። የሚዛኑን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ይህ ትንሽ ኮንቨርተር ሌላ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ኮምፒውተሩ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል።»

«አላልኩም! ነቅላዋለች!» ፊታቸው በራ።

«ሴትዮዋ ስትወለውል ኮንቨርተሩ የት ነበር?»

ሚዛን ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ኪሴ ውስጥ» አሉ በመጨረሻ።

ለካ ማንም እንዳይነካው ብለው፣ ከሥራ ሲወጡ ነቅለው በመሐረብ ጠቅልለው ቤታቸው ይወስዱት ኖሯል! ትናንት ጠዋት የለመዱት ቀዳዳ ላይ የስልካቸውን ገመድ ሰክተው ስለነበር፣ ኮንቨርተሩን ከጎኑ ሰኩት። ሚዛን ቤቱን ያስቆመው ያ ጥንቃቄ ነው።

ልጅቷ ወደ ድሮ ቦታው መለሰችው። ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ ግን ካሬና የጥያቄ ምልክት ብቻ።

«መርዛዋለች!» አሉ።

«ትናንት እምቢ ሲልዎ ምን ነካኩ?»

«ምንም። ፍጥነት የሚለውን ትንሽ… ከሱ በታች ያሉትንም።»

«የነበረውን ጽፈው ይዘዋል?»

«ለሌባ ልጻፍለት?»

«አጎቴ፣ ሚዛኑና ኮምፒውተሩ በአንድ ፍጥነት ካልተነጋገሩ አይግባቡም። ልኩ የሆነ ቦታ መጻፍ ነበረበት።»

ወደ እኔ አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። ቁልፍ አውጥተው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ከመዝገቦቹ ሥር አንድ ካርድ መዘዙ።

«ማሳያው ጀርባ ተለጥፎ ነበር። ሰው እንዳያየው ብዬ ቆለፍኩበት። መሣሪያውን የተከሉት… ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤትዎ ነበሩ።»

አውቃለሁ። የዘጠኝን ጭራ እንዲያ አስረዝሞ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላየሁም። ካርዱን ተቀብዬ ለልጅቷ አነበብኩላት፦ «ፍጥነት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። ዳታ ቢት ስምንት። ፓሪቲ የለም። ስቶፕ ቢት አንድ።» ከሥሩ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ እስኪያበቃ ጠበቅኩ። «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።»

ልጅቷ በካርዱ መሠረት አንድ በአንድ ስታስተካክል፣ አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ኪሎ የሚል ቁጥር ማሳያው ላይም ስክሪኑ ላይም እኩል በራ።

«እሺ፣ ይህን ግድግዳ ላይ ብለጥፈው፣ ክፉ ሰው አይቶ ቢያዘባርቀውስ?» አሉ፤ ጥርጣሬው ገና አልለቀቃቸውም።

«ካርዱ በግልጽ ካለ በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። ከተቆለፈበት ግን ደግ ሰውም ሊረዳዎት አይችልም። እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ፣ ይህ ሁሉ መኪና እዚሁ ሊቆም ነው?»

ሚዛን ሹሙ እጃቸውን ዘርግተው ደብዳቤውን ጠየቁኝና ለአራት ቀደዱት።

ከዚያ ወዲህ ኮንቨርተሩ ከቦታው ተነሥቶ አያውቅም፤ ቀዳዳው በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። አንድ ነገር የለወጠ ሁሉ ምን እንደለወጠና መቼ እንደለወጠ ጠረጴዛው ላይ ባለው ደብተር ይጽፋል። ባለፈው ወር መስመሩ ሲቋረጥ፣ ሚዛን ሹሙ እረፍት ላይ ነበሩ፤ የበሩ ጠባቂ ካርዱን እያነበበ አስተካከለው። ግድግዳው ላይ ያለውን ካርድ እኔ ነኝ የገለበጥኩት። አሮጌውን ለራሴ ጠየቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ደብዳቤው በተቀደደበት ዕለት ከሰዓት የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። ወሬው ደርሷት ነበር።

«ልግባ ወይስ ይቅር?»

«ግቢ እህቴ» አሉ ሚዛን ሹሙ።

«ገመዱ ጋ አልደርስም።»

ከወንበራቸው ተነሡ። «አቧራው ያለው እኮ ከሱ ሥር ነው» አሉና፣ እስክትወለውል ድረስ ገመዱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙላት።