አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከመናኸሪያ የተመለሱ ዕለት

«በሽቦ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ለጎረቤቱ በሽታ ያጋባል።»

ጋሽ ዕንባቆም ይህችን ወሬ በሆሳዕና ከተማ ያላወሩበት ቦታ አልነበረም። በቸርች ደጅ አውርተዋታል፤ በፎቶ ኮፒ ቤት አውርተዋታል። ከማን እንደሰሟት ሲጠየቁ ግን «ሰው ሁሉ ይላል» ነው መልሳቸው።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ልቀበል መናኸሪያ ሄጄ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። የማሠልጠኛቸው አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እግራቸው ሥር ተደርድረዋል።

«ጋሼ፣ ምነው? ቤት ለቀቁ እንዴ?»

«የለም፣ ረምላ ልጄ። ቫይረስ ፈጃቸው። እንዳለፉት አራት ዓመታት አዲስ አበባ ፕሮግራማቸውን አስጭኜ ልመለስ ነው።»

«ከሞርሲቶና ከሀቢቾ የሚመጡት ሠልጣኞች ሰኞ አይጀምሩም?»

ጎንበስ ብለው የአንዱን ብርድ ልብስ ጫፍ አጠበቁ። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ እሳቸው ከአዲስ አበባ አራት ቀን ዘግይተው ስለተመለሱ፣ የተዘጋ በር ያገኙት ሠልጣኞች ግማሾቹ በዚያው ቀርተዋል። ዘንድሮ ከተደገመ ማሠልጠኛው እንደሚዘጋ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

«እኔ ቤት ሰርቨር አለ። ዛሬውኑ ለአሥራ ሁለቱም ፕሮግራሙን በገመድ እጭንላቸዋለሁ» አልኳቸው።

«በሽቦ! ደግሞስ ኮሌጅ ሳትገቢ ማን አስተማረሽ?»

«አንድ የተጣለ ኮምፒውተር። ክረምቱን ሙሉ ስፈታው ስገጥመው ሃያ ጊዜ እምቢ ብሎኝ በሃያ አንደኛው ተነሣ። የኮሌጅ መምህር ቢሆን በሦስተኛው ማርክ ሰጥቶ ይሸኘኝ ነበር።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ያዙት። «በሽታውስ?»

«በሽታውን የሚያዞረው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ፍላሽ ነው፤ ገመዱ ምን አደረገ? የእኔ ሰርቨር የፕሮግራሙን ንጹሕ ቅጂ ይዞ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ሲበራ በገመዱ ይጠይቀዋል፤ ሰርቨሩ ይልክለታል። የድሮው ተጠርጎ አዲሱ ይገባል፤ ያውም ለአሥራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።»

«ሲዲ ሳይገባበት?»

«የእርስዎ ሲዲ ማንበቢያ ግማሹ በአቧራ ታፍኗል፤ የቀረውን መንገዱ አናውጦታል።»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ጋሽ ዕንባቆም አውቶቡሱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አንዷን ብቻ» አሉ በመጨረሻ። «ሲዲ ማንበቢያዋ የሞተችውን። ካልተነሣች ግን በከተማው ሁሉ አወራብሻለሁ።»

«በእሱስ ማን ይስተካከልዎታል?»

አውቶቡሱ ያለ እሳቸው ሄደ።

እኛ ሳሎን ገመዱን ሰካሁና አበራኋት። መነጽራቸውን አድርገው በማያ ገጹ ላይ ጽሑፉ ሲወርድ አፈጠጡ። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጅታ ተነሣች።

«ማንም ሳይነካት!» አሉና፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው የቀሩትን አሥራ አንድ ራሳቸው ከብርድ ልብሱ ያወጡ ጀመር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተነሥተው ነበር።

ሰኞ በሩ በጊዜው ተከፈተ። ከሀቢቾ የመጣችው ጣቢታ የመጀመሪያዋን መስመር ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ፤ መኩራቴን አልደብቅም። አንድ ማሽን ጠዋት ቢታመም ብርድ ልብስም አውቶቡስም አያስፈልገውም፤ ከሰዓት በኋላ ድኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሙያውም እዚሁ ከተማችን ይቀራል፤ ለሚፈልግ ሁሉ አስተምራለሁ። ጋሽ ዕንባቆምም ወሬ አልተዉም፤ አሁን የሚያወሩት ግን ስለ ሰርቨሩ ነው።

በወሩ ለአዲስ አበባው ባለሙያ ለዳኘ ደውለው ከእንግዲህ እንደማይመጡ ነገሩት። «እዚሁ በገመድ ነው የምናስጭነው!» ብለው ኮሩበት።

ዳኘ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔስ በምን ስጭንልዎት የኖርኩ መሰለዎት? ጓዳ ውስጥ ሰርቨር አለኝ። አራቱንም ዓመት በገመድ ነበር።»